የማን ልጅ ነህ?

በአገራችን እንግዳ ሰው ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚከተል ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» ቢቸና ብትሄዱ፣ ሞጣ ብትሄዱ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም። የአባት ስም ሲጠራ አጎቱም፣ የክርስትና አባቱም፣ የሰፈሩም ታሪክ ተከትሎ ይመጣል። ለጋብቻ፣ ለሽምግልና፣ ለማኅበር ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ ከቅጥር ኮሚቴ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ነው።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ጥያቄውን አፍ አውጥቶ መጠየቅም አያስፈልግም። ልጅቷ በበሩ ስትገባ ፈታኞቹ የማን ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ። ታዲያ ምን ይሏታል? «እስቲ ራስሽን አስተዋውቂን።» «ጠንካራና ደካማ ጎንሽ ምንድን ነው?» ይህን ሁሉም ሸምድዶት ይመጣል፤ «ደካማ ጎኔ ሥራ ሳልጨርስ ቤቴ አለመግባቴ ነው» የማይል አመልካች የት ይገኛል? መልሱ እኩል ሲሆን ሚዛኑን ዝምድና ይደፋዋል። ባዶ ጥያቄ ለአድልዎ ምቹ መደበቂያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ማግባት አስበሻል?» የሚለውማ የባሰ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣታል። ጠያቂው ይህን መብት ገና በር ላይ ሊያስቀርባት ነው የጠየቃት።

ጥሩ አጠያየቅ ከሩቅ የምናመጣው ነገር አይደለም። ቢቸና አካባቢ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪ ወደ እንዲህ ያለ ጉባኤ የሚመጣው አገሩን ጥሎ ነው፤ አባቱን የሚያውቅለት የለም። የኔታም «ለቅኔ ያለህን ፍቅር ግለጽልኝ» አይሉትም። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ይነግራቸዋል፤ እሳቸው ሰምተው ያርሙታል። የትናንቱን ቢደግም፣ የጓደኛውን ሰርቆ ቢያመጣ አያዋጣውም። ፈተናው ራሱ ሥራው ነው።

የዘመኑ ጥናትም ከዚህ አይርቅም። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የብዙ ዓመታት የቅጥር ጥናቶችን መልሰው መርምረው ነበር። አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለሁሉም አመልካች በእኩል የሚቀርብ፣ በአንድ መለኪያም የሚታረም ቃለ መጠይቅ፣ ማን ሥራውን በደንብ እንደሚሠራ በመጠቆም ካነጻጸሯቸው ዘዴዎች ቀዳሚ ሆኖ አገኙት። አፍ ላይ እንደመጣ የሚጠየቀው ግን እጅግ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ስለዚህ ለግብርና ባለሙያ «ስለ ጤፍ ምን ታውቃለህ?» ከማለት «አንድ ገበሬ፣ ጥቁር አፈር ላይ የዘራሁት ጤፍ ቢጫ ሆነብኝ ቢልህ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ?» ማለት ይሻላል። ውኃ ተኝቶበት እንደሆነ የሚጠይቀው ልጅ ማሳ ያየ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛም ስህተት ያለበት መዝገብ ስጡትና ፈልጎ ያውጣ።

«እኛ እኮ ልጁን እናውቀዋለን፣ ጨዋ ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ጨዋነት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያልታወቀው ልጅስ ጨዋነቱን የሚያሳይበት ጥያቄ ተሰጥቶታል ወይ? «ታማኝ ነህ?» ቢባል «አይደለሁም» የሚል የለም። «ትክክል ያልሆነ ነገር ታዘህ እምቢ ያልክበት ጊዜ ካለ ንገረን፤ ከዚያስ ምን ሆነ?» በሉት። አዲስ ተመራቂም ቢሆን ከትምህርት ቤት፣ ከሰፈር የሚያወራው አያጣም።

እዚህ ላይ ጥያቄው ወደ ጠያቂው ይዞራል። ልጁ «ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብለህ ፈርም ተብዬ አልፈርምም አልኩ» ቢል ኮሚቴው ነጥብ ይጨምርለታል? ወይስ «ይሄ አስቸጋሪ ነው» ተባብሎ ይተያያል? መልሱን ስለምንፈራ ይሆን እንዴ ዓመት ዓመት «ራስህን አስተዋውቅ» የምንለው? እስቲ ኮሚቴዎቻችን አመልካቹን ከመጥራታቸው በፊት ይህን እርስ በርሳቸው ይጠያየቁ።