የልኬት መሣሪያና የባለቤቱ ኅሊና

የሰው ልጅ ዓለምን መለካት የጀመረው በገዛ አካሉ ነው። ስንዝር፣ ክንድ፣ እፍኝና እርምጃ ከለካኙ ሰውነት የማይለዩ መስፈርቶች ነበሩ። ጠቀሜታቸውም ጉድለታቸውም ከዚሁ ይመነጫል። ረዥም ክንድ ያለው ገዢና አጭር ክንድ ያለው ሻጭ በአንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ሲከራከሩ ሁለቱም እውነተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። መለኪያው ከአካል ተለይቶ በእንጨትና በብረት ሲቀረጽ ይህ ክርክር በአብዛኛው ተፈታ፤ በምትኩ ግን ሌላ ጥያቄ ተወለደ። ከሰው የተለየውን መለኪያ እውነተኛ አድርጎ የማቆየት ኀላፊነት፣ ተቆጣጣሪ በሌለበት፣ በማን ላይ ይወድቃል?

ጥያቄው ከፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ በአንድ ተራ የመኖሪያ ግቢ ጎልቶ ይታያል። ከሥራ ሰዓት ውጭ በግቢው ጥግ የራሱን መኪና የሚጠግን፣ ሲለምኑትም የጎረቤቱን የሚያይ አንድ ሰው ይታሰብ። መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹ ሲበላሹ መበላሸታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ፤ ጫፉ ያለቀ ካቻቢቴ ብሎኑን ይስታል፣ እጀታው የላላ መዶሻ ይወዛወዛል። በሣጥኑ ውስጥ ግን ጥፋቱን የማይናገር አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም ብሎን ወይም ዳዶ በምን ያህል የመጠምዘዝ ኀይል እንደ ጠበቀ የሚለካው ቶርክ ሬንች ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ከማይታይ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ኮንራድ ባር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 በኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ ከመሬት በታች ያሉ የቧንቧ ብሎኖች ከልክ በላይ እንዳይጠብቁ ሲል እንደ ፈለሰፈው ተናግሯል። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እነዚያን ብሎኖች የሚያይ ሰው የለም። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ዓይነት በእጀታው ውስጥ የታመቀ ሞላ አለው። ሠራተኛው እጀታውን አዙሮ በሚፈለገው ቁጥር ላይ ያቆመዋል፤ ዳዶው ያን መጠን ሲደርስ መሣሪያው ቀጭ ይላል። ለብዙ የቤት መኪናዎች የጎማ ዳዶ የሚታዘዘው ከ90 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። 100 ኒውተን ሜትር ማለት በግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ያህል ክብደት መጫን ማለት ነው።

ሞላው የደከመ መሣሪያም ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ያው ነው። የሚለየው ቀድሞ መጮኹ ብቻ ነው፤ ዳዶውም በቅጡ ሳይጠብቅ ይቀራል። ሠራተኛው ግን ድምፁን ሰምቶ፣ እጁንም ጠርጎ፣ ኅሊናው ንጹሕ ሆኖ ይነሣል። ሐሰተኛ መለኪያ ከመለኪያ አልባነት የሚከፋውም በዚህ ነው፤ እውነቱን መንፈጉ ሳያንስ ጥርጣሬንም ይወስዳል። ጥርጣሬ ደግሞ መለኪያ የሌለው ሠራተኛ ብቸኛው ጠባቂ ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ስሜት ሲያጠብቁ የኖሩ መካኒኮች ይህን ቢሰሙ፣ ታዲያ እጅን ማመን አይሻልም ወይ ማለታቸው አይቀርም። ተቃውሟቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የብሎኑ ጥርስ ሊላጥ ሲል የሚመጣውን መለስለስ እጅ ያውቀዋል፤ ሞላ አያውቀውም። በማሽን ንድፍ መማሪያ መጻሕፍት የሚጠቀሰው ግምትም ቢሆን የመሣሪያውን አምላኪዎች አንገት የሚያስደፋ ነው፤ በብሎኑ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት ከታሰበው በእጅ ስሜት ሲጠበቅ እስከ 35 በመቶ፣ በቶርክ ሬንች ሲጠበቅ ደግሞ እስከ 25 በመቶ ሊርቅ ይችላል። ምክንያቱ ሰበቃ ነው። ከሚጠመዘዘው ኀይል ብሎኑን የሚወጥረው ከዐሥር አንዱ ያህል ብቻ ሲሆን ቀሪው በራሱ ሥርና በጥርሶቹ መካከል በመፋተግ ይባክናል። በደረቅ ጥርስ የታዘዘ ቁጥር ዘይት በነካው ጥርስ ላይ ሲፈጸም ውጥረቱ ከታሰበው ይበልጣል። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው ግን ሊታወቅ የተፈለገው ነገር አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ የመሣሪያው ብልጫ የት ላይ ነው? ብልጫው ከቁጥሩ ይልቅ ለእርምት ክፍት በመሆኑ ላይ ነው። የእጅ ስህተት ከእጁ ባለቤት ጋር ተደብቆ ይኖራል፤ በማለዳው ብርታትና በምሽቱ ድካም መካከል ያለውን ልዩነት ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም፤ ሌላ ሰውም ገብቶ ሊመረምረው አይችልም። የመሣሪያ ስህተት ግን ሊፈተሽ፣ ሊመዘገብና ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ቶርክ ሬንች የሚገዛ ሰው የሚገዛው እርግጠኝነትን አይደለም። «ተሳስተሃል» ሊለው የሚችል ዳኛ ወደ ቤቱ ማስገባቱ ነው፤ ለብቻው ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

አመራረጡም ከዚሁ ይነሣል። አንዱ መሣሪያ ለሁሉ ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ የቁጠባ መልክ ያለው ስንፍና ነው። እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚለካ ትልቅ ቁልፍ በመለኪያው የታችኛው አምስተኛ ክፍል ላይ እምነት አይጣልበትም፤ 25 ብቻ የሚታዘዝለትን ካንዴላ በእርሱ ማጥበቅ ቴስታታውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሁለት መጠነኛ መሣሪያዎች ከአንድ ግዙፍ ይሻላሉ። ከሞላው ዓይነት ሌላ፣ ሲጫኑት በሚታጠፍ ዘንግና በማይንቀሳቀስ ጠቋሚ የሚሠራ አሮጌ ዓይነት አለ። ለቤት ሠራተኛ ተመራጭ መሆን የሚገባው ይኸኛው ነው፤ ጠቋሚው ሥራ ፈትቶ ሳለ ዜሮ ላይ ካልቆመ ጥፋቱ ለዐይን ይታያልና። እርግጥ ነው፣ ቁጥሩን ለማንበብ ብዙ ጊዜ መንበርከክ ግድ ይላል፤ ይህም የሚጠላ ልማድ አይደለም።

አቀማመጡ ግን ከምርጫው ይልቅ ከባድ ነው፤ ምርጫ የአንድ ቀን ሲሆን አቀማመጥ የየማታው ነው። ባለ ሞላው መሣሪያ ከሥራ በኋላ በመለኪያው ላይ ወዳለው ዝቅተኛ ቁጥር መመለስ አለበት፤ ከዚያ በታች ግን መላላት የለበትም። በሣጥኑ፣ ከእርጥበትና ከሌሎች ብረቶች ርቆ መቀመጥ ይገባዋል። ዝገት የያዘውን ዳዶ መፍቻ አይደረግም። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መስፈርት አይኤስኦ 6789 ባለቤቱ የራሱ የፍተሻ ደንብ ከሌለው በየ12 ወሩ ወይም ከ5,000 ጊዜ አገልግሎት በኋላ፣ ከሁለቱ በቀደመው፣ እንዲፈተሽ ያመለክታል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ወይም የሚታለፈው ሰው ደክሞት፣ በሩን ሊዘጋ ሲል፣ ማንም ሳያየው ነው።

ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። አንድ ጎረቤት መሣሪያውን ለአንድ ቀን ይዋሰዋል። ከእጁ አምልጦ በሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። አንሥቶ ይጠርገዋል፤ ጭረት እንኳ የለውም። በምስጋና ይመልሰዋል። ይህ ሰው ዋሽቷል? መውደቁ ጥፋት አይደለም፤ ማንም ላይ ይደርሳል። ጥፋቱ ያለው በዝምታው ነው፤ መሣሪያው ራሱ መናገር ስለማይችል የእርሱ ብቸኛ አንደበት በዚያች ሰዓት ተዋሹ ነበርና። ይሁንና ከጥፋቱ ጥቂት የማይባል ድርሻ የአዋሹ ሊሆን ይችላል። ለወደቀ ዕቃ የሚቈጣ ባለቤት ጎረቤቱን ጥንቃቄ ሳይሆን ዝምታ ያስተምረዋል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የልኬት መሣሪያ አይዋስም ይላሉ። በጉርብትና ውስጥ ዕቃ መከልከል ምን ያህል እንደሚያስቀይም የሚያውቅ ይህን በቀላሉ አይቀበለውም። የሚሻለው ባለቤቱ መሣሪያውን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ግቢ መሄዱና ዳዶውን አብሮ ማጥበቁ ነው።

በጥንቃቄ ብቻ የማይሸሽ መለኪያ ደግሞ የለም። በፓሪስ አጠገብ፣ በሴቭር፣ ከ1889 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ኪሎግራም ሆኖ የኖረው የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ሙዳይ በመስታወት ክዳኖች ተሸፍኖ፣ በሦስት ሰዎች እጅ በተከፋፈሉ ሦስት ቁልፎች ተዘግቶበት ነበር። እንዲያም ሆኖ በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በእርሱና በቅጂዎቹ መካከል ወደ 50 ማይክሮግራም የሚደርስ ልዩነት ተገኘ። ግንቦት 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ኪሎግራም ከዚያ ብረት ተላቆ በፕላንክ ቋሚ ቁጥር ላይ እንዲመሠረት ተደረገ። ሦስት ቁልፍ ያልጠበቀውን አንድ የመሣሪያ ሣጥን ይጠብቀዋል ማለት ያስቸግራል፤ የሚቀረው መፈተሽ ነው።

መፈተሻ ላቦራቶሪ በሩቅ ላለበት ሰው ሸካራ የሆነ መንገድ አለ። የመሣሪያው አራት ማዕዘን ጫፍ በሞርሳ ይያዝና እጀታው አግድም ይዘረጋል። ከጫፉ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በእጀታው መያዣ መካከል፣ ከነውሃው 20 ኪሎ እንዲሆን በባለሱቁ ሚዛን የተመዘነ ጀሪካን በቀስታ ይንጠለጠላል። ይህ ወደ 78 ኒውተን ሜትር ነው፤ የመሣሪያው የራሱ ክብደት ጥቂት ይጨምርበታል። መሣሪያው 70 ላይ ተስተካክሎ ሲፈተን መጮኽ፣ 90 ላይ ተስተካክሎ ሲፈተን ግን ዝም ማለት አለበት። 90 ላይ ቆሞ ቀጭ ካለ የዚያ ቀን ሥራ ይቆማል፤ ባለፉት ሳምንታት በዚያ ግቢ ጎማቸው ተፈትቶ የተገጠመ መኪናዎች ባለቤቶችም፣ ጎረቤትም ሆኑ ዘመድ፣ መንገድ ከመውጣታቸው በፊት አንድ በአንድ መጠራት አለባቸው።