ሁለት ስም የያዘው ነጋዴ

ከዓባይ ማዶ የመጣ ቡናና ዝባድ ጎጃም ባሶ ገበያ ላይ ተራግፎ፣ እንደገና ተጭኖ በጎንደርና በዓድዋ በኩል ወደ ምጽዋ በሚወርድበት በሲራራ ነጋዴዎች ዘመን፣ አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጎቱ ጋር ሊነግድ ተነሣ።

ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። በቅሎዎቹን ቀለበ፣ ኮርቻ አሳደሰ፣ የጭነት ጠፍር ገዛ። እናቱ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ስታሰናዳ ከረመች። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ጭነቱን አየና መረቀው። አጎቱ ግን ሊነሡ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ወረቀቶችህን አምጣና ዲያቆኑ ጮክ ብሎ ያንብባቸው።»

«ጋሼ፣ ተጽፈው ታትመዋል እኮ። ደግሞ ምን ያደርጋል?»

እርሳቸው የራሳቸውን አስነበቡ። በእያንዳንዱ ወረቀት መጨረሻ «የማን ነው ይላል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ወጣቱ ሽማግሌው መርሳት ጀምረዋል ብሎ አዘነላቸው።

የእርሱ ወረቀቶች ሁለት ነበሩ። የቡናውን የጻፉለት የንስሐ አባቱ ናቸው፤ እርሳቸው የሚያውቁት በክርስትና ስሙ ስለሆነ «ገብረ ኪዳን» ብለው ጻፉ። የዝባዱን የጻፈው የገበያው ጸሐፊ ነው፤ ስሙን ሲጠይቅ በዙሪያው የነበሩት «ታምሩ ነው!» አሉት፤ ታምሩ ብሎ ጻፈ። ባሶ ላይ ሁለቱም አንድ ሰው እንደሆኑ የማያውቅ አልነበረም።

ተከዜ ከመድረሳቸው በፊት ካለው ኬላ ደረሱ። ሹሙ የመጀመሪያውን ወረቀት አነበበ።

«ገብረ ኪዳን ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቡናህን ይዘህ እለፍ። ታምሩስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ሹሙ ቀና ብሎ አየው። «የዝባዱን ባለቤት ነው የጠየቅሁት።»

«ሁለቱም የእኔ ስም ነው። ባሶ ሄደው ማንንም ቢጠይቁ ይነግሩዎታል።»

«እኔ የተሾምሁት እዚህ ነው» አለ ሹሙ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓምና የተሰረቀ ዝባድ አሳልፈሃል ተብሎ ከራሱ ኪስ ከፍሏል። አጎትየው ሊምሉ ቀረቡ፤ «አባቴ፣ የሥጋ ዘመድ ምስክር ሊሆን አይችልም» ብሎ በአክብሮት መለሳቸው።

ሰኔ ገብቷል። ተከዜ ከሞላ ሲራራው ክረምቱን ሙሉ ሊሻገር አይችልም፤ ስለዚህ ቡናውን አጎትየው ይዘውለት ከጓዶቻቸው ጋር ተሻገሩ። ወጣቱ ወደ ባሶ ሰው ልኮ፣ የዝባዱን ቀንድ ታቅፎ ኬላው አጠገብ ቀረ። የሦስት ሽማግሌዎች ምስክርነት ማኅተም ተደርጎበት ሲመጣለት ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ነበር። የእናቱም ስንቅ ሐምሌን አላለፈም።

ይህ ምሳሌ ዛሬ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው የተነገረ ነው። አገር ቤት ስማችን ቢዛነፍ ብዙም አንጨነቅም፤ ምስክር አቁመን፣ ቀበሌ ሄደን፣ የሚያውቀን ሰው ደውሎልን እናቃናዋለን። ድንበር ከተሻገርን በኋላ ግን እንደ ባሶ ሰው የሚያውቀን የለም፤ የሚናገርልን ወረቀታችን ብቻ ነው። ታዲያ የአንዳንዱ ሰው ወረቀቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ በቲ ይጀምራል፣ ዲፕሎማው ላይ በኤስ። «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን አንዱ ጋ የአባት ስም ይገባል፣ ሌላው ጋ የአያት።

የልደት ቀን ደግሞ የባሰ ነው። ታኅሣሥ 25 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተወለደችው ጃንዋሪ 3 ቀን 1993 ነው። ነገር ግን ዓመቱ ላይ ሰባት ብቻ የጨመረ ጸሐፊ 1992 ያደርገዋል። ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነው ብሎ ቀኑን ሳይቀይር የገለበጠው ደግሞ ኤፕሪል 25 ላይ ያሳርፈዋል። እንዲህ እያለ የልደት ምስክር ወረቀቷ፣ የትምህርት ማስረጃዋና ፓስፖርቷ የሦስት ሴቶች ይመስላሉ።

ቤተሰብ ለሚሄደው ልጅ በርበሬውንና ሽሮውን ሲያሰናዳ ማየት ደስ ይለኛል፤ ፍቅር ነውና ይቅር አልልም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ምሽት ተሰብስቦ የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ የትምህርቱን፣ የክትባቱን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል፣ ቀን በቀን ጮክ ብሎ ማንበብ ይገባል። ስሕተቱ ፓስፖርቱ ላይ ከሆነ መታረም ያለበት መጀመሪያ እርሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ጋር ይመሳከራልና። ስም ለማስተካከል ፍርድ ቤት መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ቀጥሎ የሰነዶች ማረጋገጫው አለ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ማኅተም አለ። ይህ ሁሉ ቀን ይበላል፤ ቀኑ ደግሞ ገደብ አለው። በዲቪ ሕግ ለምሳሌ ቪዛው እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም እስከ መስከረም 20 ገደማ ካልተሰጠ የዚያ ዓመት ዕድል ያበቃል።

«እዚያ ደርሼ አስተካክለዋለሁ» የሚለውን ሐሳብ በተለይ እፈራዋለሁ። እዚህ እያለ ራሱ ቀርቦ የሚያስጨርሰውን ጉዳይ፣ ከሄደ በኋላ በኤምባሲ ውክልና ልኮ፣ የሌላ ሰው የሥራ ቀን እየለመነ ነው የሚያስፈጽመው። ያ ውክልና ራሱ ከስሞቹ በየትኛው እንደሚጻፍ ደግሞ አስቡት።