ያለቀ ጫማና ያላለቀ መንገድ

ለረጅም ጉዞ የተነሣ መንገደኛ ያገለገለውን ጫማ ጥሎ አዲስ ቢጫማ ክሕደት ይሆንበታልን? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የታማኝነትን ትርጉም ይነካል።

ኤማ ጌትውድ የተባሉ አሜሪካዊት አያት እ.ኤ.አ. በ1955 በ67 ዓመታቸው ከጆርጂያ እስከ ሜይን የሚዘልቀውን፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን በሸራ ጫማ ተጉዘው ፈጸሙ። በጉዞው በርካታ ጥንድ ጫማዎች አለቁባቸው። ጫማው ተለዋወጠ፤ መንገደኛዋና ዓላማቸው ግን አልተለወጡም።

የጫማ አስተላለቅም ትምህርት አለው። የላዩ ቆዳ ገና ሳይጎዳ፣ ከሶሉ በላይ ያለው ስፖንጅ በየርምጃው የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ ይታመቃል። ይህን ጉልበትና ተረከዝ ቀድመው ያውቁታል፤ ዓይን ግን ዘግይቶ ይደርስበታል። እንግዲህ ገጽታን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ይሳሳታል።

በስፌት የተያያዘ ሶል ይለወጣልና መጠገኑ ተገቢ ነው። የማይጠገነውን እግር እስኪያቆስል መጫማት ግን ታማኝነት ሳይሆን ግትርነት ነው። ለመሣሪያ የሚገባው ምስጋና ነው፤ ታማኝነት የሚገባው ለዓላማ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሕግ ለዕቃ እንጂ ለሰው አይሠራም። «ዓላማ ይቀድማል» እያለ የደከመ ባልደረባውን እንደ አሮጌ ጫማ የሚጥል ሰው ዓላማውንም አብሮ ጥሎታል፤ መንገዱ የተጀመረው ለሰው ነውና።