ድንበር ለሚሻገር ድረ ገጽ

ልጄ፣ የሰሊጥ ንግድህን ድረ ገጽ ለውጭ ሀገር ገዢዎች ልታሰፋው እንደሆነ ሰማሁ። ሐሳቡ ይበል የሚያሰኝ ነው፤ የመተማ ሰው ከሱዳኗ ገላባት ጋር ሲነግድ ስለኖረ ለድንበር እንግዳ አይደለም። «በአምስት ቋንቋ ላስተረጉመው ነው» ያልከው ግን አሳስቦኛል። ቋንቋውን ከማብዛትህ በፊት ገዢው ገጽህን ሲከፍት ምን ብሎ እንደሚያነብህ እይ።

ከቀኑ ጀምር። «የ2018 ምርት» ብለህ ለጥፈሃል። እኛ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ፣ ነዶው ሂላ በሚባለው ክምር ደርቆ የተራገፈ ትኩስ ሰሊጥ መሆኑን እናውቃለን። ቻይና ያለው አስመጪ ግን በራሱ ዘመን ቆጥሮ ሰባት ዓመት መጋዘን የከረመ እህል ያደርገዋል፤ አንድም ነገር ሳይጠይቅህ ገጹን ዘግቶት ይሄዳል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይደውሉ» ያልከውንም ገና ያልነጋ ሌሊት ብሎ ይረዳዋል። በእኛ አቆጣጠር የጻፍከውን ሁሉ በእነሱም ጻፈው።

ቀጥሎ መስፈሪያው ነው። እኛ በኩንታል እንሸጣለን፣ የሱዳኑ የገዳሪፍ ነጋዴ በቀንጣር ያወራል፣ የባሕር ማዶው ገዢ በቶንና በኮንቴይነር ያስባል። አንድ ትንሹ ኮንቴይነር 19 ቶን ያህል ሰሊጥ ይይዛል፤ ያ 190 ኩንታል ነው። ሄክታሩ አምስት ኩንታል ቢሰጥህ እንኳ 38 ሄክታር ማጨድ አለብህ። ከማኅበርተኞችህ ጋር ሳትመክር «የፈለጉትን ያህል እናቀርባለን» የምትለዋን ቃል ከገጽህ አውጣት። የላኪነት ፈቃድ ሳይኖርህም «ወደ ውጭ እንልካለን» አትበል።

ገዢውም አንድ ዓይነት አይደለም። ዘይት ጨማቂው የዘይቱን መጠን ይጠይቅሃል። የእስራኤሉ ጠሂና ሠሪ የፍሬውን ንጣትና ጣዕም ያያል። ጃፓኖች የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ ካላዩ አይነኩትም። ለሁሉም «ጥራት ያለው ሰሊጥ» ብትል ለማንም አልመለስክም። እርጥበቱን፣ ባዕድ ነገሩን፣ የላቦራቶሪ ውጤቱን በቁጥር አስቀምጥ።

ከአምስቱ ቋንቋዎች ዓረብኛውን በተመለከተ ደግሞ፣ እዚህ መተማ ዓረብኛ የማይናገር ነጋዴ ጥቂት ነው። ቢሆንም የገበያ ዓረብኛ ለድርድር እንጂ ለጽሑፍ አይበቃም። ዱባይ ያለው አስመጪ የሚያነበውን፣ ተምሮ የሚጽፍ ሰው ያርመው። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ የገጹ አቀማመጥም አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ ዋጋውና ሥዕሉ ይዘበራረቃሉ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ ከገዳሪፍ ነጋዴዎች ወደ ካይሮ የተሻገሩ አሉ፤ የድሮ ደንበኛህን ገዳሪፍ ብቻ አትፈልገው።

አንድ ነገር አትርሳ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ውጭ ያለ ደንበኛ ለጻፈው መልስ የሚሰጠው አልነበረም። ገዢ ዝምታን እንደ እምቢታ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ገጽህ ላይ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ዋጋና ስለ ናሙና በአንተ ስም የሚመልስ ታማኝ ሰው ስልክ ይኑር፤ ቁጥሩም በ+251 ይጀምር።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ አንተ ደግሞ አምስት ዛፍ አምሮሃል። ዘንድሮ ምርትህ የሚበቃለትን አንድ ሀገር ምረጥ፤ ቋንቋውን፣ ቀኑን፣ ሚዛኑን፣ የሚጠይቀውን ማስረጃ አሟላለት። የመጀመሪያው ኮንቴይነር ጅቡቲን አልፎ ገንዘቡ በባንክ ሲገባልህ፣ ያኔ ሁለተኛውን ቋንቋ ጨምር። ከዚያ በፊት ለሌሎቹ ቋንቋዎች የምታወጣው የትርጉም ወጪ ኪሳራ ነው።