እነሱ ሄዱ፣ አንተ ቆይ

ልጄ፣ «ጋሼ፣ ቡድናችን ተበትኗል፤ ዘንድሮ ጨዋታ የሚባል አላይም» ስትለኝ ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ አይደለም። እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ተጀምሮ በስልክ አያልቅም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በአንድ ጸደይ ባዶውን ሲቀር ያየ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቢከፋው አልፈርድበትም። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ቀዩን ማሊያህን ወርውረህ ከመገላገልህ በፊት የሆነውን አንድ በአንድ እንየው።

ማርች 23 ቀን 2025 ሲያትል ላይ፣ በአገር አቀፉ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የነበረውን አትረሳውም። ኮሎራዶ ስቴት ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቶ 71 ለ 70 ሲመራ፣ ሰዓቱ ላይ የቀሩት ሰከንዶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዴሪክ ኩዊን፣ የባልቲሞሩ ልጅ፣ ኳሷን ተቀብሎ በግራ በኩል እየገፋ ሄደ፤ ወደ ኋላ እያጋደለ ወረወራት፤ ሰሌዳውን ነክታ ስትገባ ደወሉ ጮኸ። 72 ለ 71። በዚያች ሌሊት ስልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስንት ጎረምሳ ከሶፋ ላይ እንደዘለለ እኔ ልንገርህ አልችልም፤ አንተ ግን አንዱ ነበርክ።

ኩዊን፣ ሮድኒ ራይስ፣ ጃኮቢ ጊሌስፒ፣ ሴልተን ሚጌልና ጁሊያን ሪስ፣ አምስቱም በአማካይ በየጨዋታው ከ10 ነጥብ በላይ ያስቆጥሩ ነበር። የአገሩን ሸርጣን አስታውሶ ሰው ሁሉ «ክራብ ፋይቭ» አላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እነሱም ያማረባቸው ሸክሙን ስለተካፈሉት ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በል። ኩዊን ያችን ኳስ ባስገባ በማግስቱ፣ ማርች 24፣ የተጫዋቾች መዛወሪያ ፖርታል ተከፈተ። ቡድኑ ገና ለዋንጫ እየተፋለመ ነው፤ ገበያው ግን በዚያው ሳምንት ቆመ። በዚያ ጸደይ ከ2,000 በላይ የወንዶች አንደኛ ዲቪዚዮን ተጫዋቾች ስማቸውን ፖርታሉ ውስጥ አስገቡ። ማርች 27 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደው በፍሎሪዳ 87 ለ 71 ተሸነፍን። በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ኬቨን ዊላርድ ወደ ቪላኖቫ መሄዱ ተሰማ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ዴመን ኢቫንስ ደግሞ ከእሱ ቀደም ብሎ ወደ ኤስኤምዩ አቅንቷል።

ዊላርድ ውድድሩ ሊጀመር ሲል ስለ ገንዘብና ስለ ድጋፍ ማነስ በአደባባይ ተናግሯል። ያነሳው ጉዳይ ቁም ነገር ነበረው ባይ ነኝ። ጊዜው ግን ጊዜው አልነበረም። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አሥራ ስምንትና ሃያ ዓመት የሆናቸው ልጆች ጫማቸውን እያሰሩ «አለቃችን ነገ ይኑር አይኑር» ብለው ሊጨነቁ አይገባም ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ቤቱ ያለ ኃላፊ ሲቀር ነው ሌላው ደጃፉን የደፈረው። ስለዚህ ቁጣህን ይዘህ የምትሄድበት በር ካለ የአዋቂዎቹ በር ነው። የልጆቹ አይደለም።

ልጆቹንማ ተመልከታቸው። ሪስና ሚጌል የተፈቀደላቸውን ዓመት ጨርሰው ነው የወጡት። ኩዊን በኤንቢኤ ምርጫ 13ኛ ሆኖ ተመርጦ ኒው ኦርሊንስ ገባ፤ የድሃ ሰፈር ይሁን የሀብታም ሰፈር፣ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ከዚህ የምትከለክለው? ጊሌስፒ ወደ ቴነሲ፣ ሮድኒ ራይስ ወደ ዩኤስሲ ተዛወሩ። አሠልጣኙ በሦስት ቀን ሲሄድ «ሥራው ነው» ተብሎ፣ ተጫዋቹ ሲሄድ «ከዳተኛ» የሚባልበት ፍርድ ልክ አይደለም። አንተ እንዲህ ያለ ፍርድ ከአፍህ እንዳይወጣ።

እኛ ወደዚህ አገር ስንመጣ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። ከ2021 ጀምሮ አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት መዛወር ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ ትምህርቱን እስካላበላሸ ድረስ በየዓመቱም እንዲዛወር ተፈቀደ። በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት የጀመረው በጁላይ 2021 ነው። በ2025 ጁን ላይ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ደግሞ ከጁላይ 1 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት በድምሩ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ፈቀደ። እኔ ይሄ የዘገየ ፍትሕ ነው እላለሁ። አዳራሹ የሚሞላው በልጆቹ ላብ ሆኖ ሳለ፣ ደመወዝ የሚወስደው ሌላው ብቻ መሆኑ ሲያናድደኝ ኖሯል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ከእነዚያ ከሁለት ሺህ ልጆች መካከል ወጥቶ ማረፊያ ያጣ አለ፤ በአራት ዓመት አራት ግቢ ረግጦ ዲግሪውን በየመንገዱ ያንጠባጠበ አለ። ሁሉም ኩዊን አይሆንም። አንተም ነገ ኢንጂነሪንጉን ትተህ «ሌላ ትምህርት ቤት ይሻለኛል» ስትል፣ ቢያንስ ምን ጥለህ ምን እንደምታነሳ በወረቀት ጽፈህ አስላ። የእናትህ የሌሊት ፈረቃ እዚያ ሒሳብ ውስጥ አለ።

ስለ መቆየት ካነሳን፣ የ2002ቱን ዋንጫ ልንገርህ፤ አንተ ያኔ አልተወለድክም። ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2001 ሚኒያፖሊስ ላይ፣ ሜሪላንድ በግማሽ ፍጻሜው ዱክን በ22 ነጥብ ሲመራ ቆይቶ 95 ለ 84 ተሸነፈ። እንዲህ ያለ ሽንፈት ዛሬ ቢሆን ቡድኑ በሳምንቱ ይበተን ነበር። ከዚያ ቀን አምስት ቋሚዎች አራቱ፣ ጁዋን ዲክሰን፣ ሎኒ ባክስተር፣ ስቲቭ ብሌክና ባይረን ማውተን፣ ተመልሰው መጡ። ባክስተር እዚሁ የእኛ ሰፈር፣ ስልቨር ስፕሪንግ የተወለደ ነው። ዲክሰን ሁለቱንም ወላጆቹን በልጅነቱ በሞት ያጣ የባልቲሞር ልጅ ነበር። በኤፕሪል 1 ቀን 2002 አትላንታ ላይ ኢንዲያናን 64 ለ 52 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ 18 ነጥብ የዲክሰን ነበር። ማውተን ደግሞ ከቱሌን ተዛውሮ አንድ ዓመት ተቀምጦ የተጫወተ መሆኑን አትርሳ። ተዛዋሪ ሁሉ ወረተኛ አይደለም፤ ከሌላ ቤት መጥቶ የቤቱን ምሰሶ የሚሸከም አለ። አሠልጣኛቸው ጋሪ ዊልያምስ ራሱ በወጣትነቱ እዚያው የተጫወተ ነው፤ በ1989 ተመልሶ ሲመጣ ቡድኑ ሊቀጣ የተቃረበ፣ ስሙ የጎደፈ ነበር። እስከ ዋንጫው 13 ዓመት ፈጀበት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ለእሱ ብለው የተረቱት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዘንድሮው፣ ወደ 2025-26 የውድድር ዓመት ልምጣ። ሌላ ዊልያምስ መጥቷል፤ በዝ ዊልያምስ ይባላል፣ የቴክሳስ ሰው ነው። ማርኬትን፣ ቨርጂኒያ ቴክንና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን አሠልጥኗል። ሲደርስ ካለፈው ዓመት ዋና ተሰላፊዎች አንድም አልጠበቀውም። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከያለበት ለቃቅሞ ድግሱን ደገሰ። ፌረል ፔይንና ሰለሞን ዋሺንግተን ከኤ ኤንድ ኤም አብረውት መጡ። ኤላይጃ ሳውንደርስ ከቨርጂኒያ፣ ዴቪድ ኮይት ከካንሳስ፣ ማይልስ ራይስ ከኢንዲያና ተከተሉ። ከሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ዳሪየስ አዳምስ የሚባል፣ መጀመሪያ ለዩኮን ፈርሞ የነበረ ባለ ትልቅ ስም ልጅ መጣ።

እንዴት ይሆናሉ? የማስበውን ሳልሸሽግ ልንገርህ። የዚህ ሰው ቡድኖች የሚታወቁት የሳቱትን ኳስ ራሳቸው መልሰው በመንጠቅ ነው፤ ሪባውንድ የሃይማኖታቸው ያህል ነው። ፔይን ከቅርጫቱ ሥር ጉልበት አለው፤ ሊጋችንን ቢግ ቴንንም ከሚኒሶታ ዘመኑ ያውቀዋል። ዋሺንግተን ሦስት ዓመት በዚሁ አሠልጣኝ እጅ ያደገ በመሆኑ፣ ሌሎቹ ሕጉን እስኪለምዱ እሱ ያስተምራቸዋል። ስለዚህ በትግል አይበለጡም። የምፈራው ከርቀት መወርወሩንና የመግባባቱን ነገር ነው። ከየግቢው የመጡ ልጆች አንዱ ሲሮጥ ሌላው የት እንደሚቆም የሚያውቁት አብረው ሲከርሙ ነው፤ አብሮ መክረም ደግሞ በብር አይገዛም። በታንክስጊቪንግ ሰሞን ላስ ቬጋስ ላይ ከጠንካሮች ጋር ይገጥማሉ፤ እዚያ ክፉኛ ቢመቱ አልደነቅም። ከዚያ የ18 ቡድኖች ሊግ፣ 20 ግጥሚያ፣ እስከ ምዕራብ ጠረፍ ድረስ በረራ አለ። በመካከለኛው ደረጃ ቢጨርሱ ጥሩ ሠርተዋል እላለሁ። የማርቹን ውድድር ቃል አልገባልህም። በዚህ ነሐሴ «አዳምስ እንዲህ ያደርጋል፣ ኮይት ሠላሳ ያገባል» የሚሉህን አትስማቸው፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። ቡድኑን በኖቬምበር ወሬ ሳይሆን በፌብሩዋሪ መከላከሉ መዝነው።

አንድ ነገር ግን ለአዲሱ አሠልጣኝም ሆነ ለአዲሱ የስፖርት ኃላፊ ለጂም ስሚዝ የሚነግርልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ደርሷል። ግቢው የቆመበት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በዓለም የታወቁ ተጫዋቾች ያፈራ መሬት ነው። ኬቨን ዱራንት ከዚሁ ወጥቶ ቴክሳስ ሄደ። ዲማታ የሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ከግቢው በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። ከሩቅ በችኮላ ከመሰብሰብ በጎረቤት ያለውን ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቱ አውቆ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ፣ እናቱን አክብሮ መያዝ ይሻላል። የሠፈሩ ልጅ የመሄድ ሐሳብ ሲመጣበት እንኳ ሁለት ጊዜ ያስባል፤ አያቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለችና።

አንተን ወደሚመለከተው ልመለስ። ከመቶ ሺህ ነገር ይህቺን ያዝልኝ። አሠልጣኙ አዲስ ነው፣ ኃላፊው አዲስ ነው፣ ተጫዋቹ አዲስ ነው። ያቺን የሲያትል ኳስ በዓይኑ አይቶ ዘንድሮም ወደዚያ አዳራሽ የሚመለስ ያለ እንደሆነ፣ በተማሪዎቹ መቀመጫ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። መቼ እንደሚጮህ፣ ተጋጣሚው የቅጣት ምት ሲወረውር ምን እንደሚደረግ፣ ያንን ለአዲሶቹ የሚያሳያቸው ሌላ ሰው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለአምስቱ ተጫዋቾች ብቻ አይደለም። በጃንዋሪ፣ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፈው አዳራሹ ሲሳሳ፣ ያኔ ተገኝ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ምሳር ይዞ የሚመጣው ብዙ ነውና አንተ እጅህን ባዶ አድርገህ ሂድ።

ማይልስ ራይስንም በደንብ ተመልከተው። ዋሺንግተን ስቴት ሳለ የደም ካንሰር ዓይነት በሆነው በሆጅኪን ሊምፎማ ታሞ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት ታከመ። ድኖ በተመለሰበት ዓመት በፓክ 12 ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ሜሪላንድ ሦስተኛ ግቢው ነው። ኳስ አበላሽቶ ሲወጣ «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ነው» ብሎ የሚያጉረመርም ጓደኛ አጠገብህ ካለ፣ ከየት እንደመጣ ንገረው።

ከዩኤስሲ ጋርም በሊጉ አንድ ቀን መገናኘታችን አይቀርም፤ ሮድኒ ራይስ በሌላ ማሊያ ይመጣ ይሆናል። ልጁ የክሊንተን፣ የዲማታ ልጅ ነው፤ እናትና አባቱ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስሙ ሲጠራ ጓደኞችህ ሊጮሁበት ይነሱ ይሆናል። አንተ አጨብጭብ። ከዚያ ጨዋታው ይጀመርና እንደ ልብህ ጩህ።