በፍርድ የሄደች፣ በአዋጅ የሄደች፦ ስለ «ትርፍ ቤት» የሚነሣ የፍትሕ ጥያቄ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። ባለበቅሎው ብዙ አጥቷል፤ ነገር ግን ከዳኛ ፊት ቆሞ ተናግሯል፣ የባላጋራውንም ቃል ሰምቷል፣ ስለዚህ መረታቱን ይቀበላል። ጭብጦውን የተነጠቀው ሰው ያጣው ትንሽ ቢሆንም ማንም ስላልሰማው አይጽናናም። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከዚሁ ተረት ይነሣል፤ በዳኛ ፍርድ ሳይሆን፣ ያለ ሕግም ሳይሆን፣ በአዋጅ የሄደ ንብረት ከየትኛው ወገን ይቆጠራል?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። ለቦታው ካሳ እንደማይከፈል ተደነገገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ፤ የተከራዩም ኪራይ ተቀነሰለት።

አዋጁ ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። ከአብዮቱ በፊት የአዲስ አበባ ቦታ በመኳንንቱና በባለሥልጣኖች እጅ ተከማችቶ፣ ከተማይቱን በጉልበቱ የሚያቆመው ሠራተኛ ጭቃ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ ወራሾች ነን የምንል ሁሉ ያን ሥርዓት ልንናፍቀው አንችልም። ይሁን እንጂ «ትርፍ» የሚለው ቃል ዳኛ ሳይሰየም ፍርድ ሰጠ። በርስትና በሹመት ብዙ ቤት ያካበተው መስፍንና፣ ጠላ ሸጣ ባጠራቀመችው ገንዘብ ለልጆቿ ማሳደጊያ ሁለተኛ ቤት የሠራችው መበለት በአንድ ስም ተጠሩ። አንዱን ከሌላው የሚለይ ጆሮ አልነበረም።

ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110፣ ከአዋጆቹ ውጭ የተወሰዱ ንብረቶች ተመርምረው ለባለቤቶቻቸው የሚመለሱበትን መንገድ ከፈተ። በአዋጁ መሠረት የተወሰዱት ግን ባሉበት ጸኑ። በዚያው ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። ሕግ አውጭው የተረቱን ምክር የተከተለ ይመስላል፤ ጭብጦዋ ትመለስ፣ በቅሎዋ ትቅር ብሏልና። ነገር ግን ተረቱ «በፍርድ» አለ እንጂ «በአዋጅ» አላለም። ፍርድ ሁለት ወገን ሰምቶ የሚሰጥ ነው፤ አዋጅ ማንንም ሳይሰማ ሁሉን ያዛል። እንግዲህ የመበለቲቱ ቤት በአዋጅ ሄዷል ማለት በፍርድ ሄዷል ማለት አይደለም።

ታዲያ ቤቱ ለወራሾቿ ይመለስ? እዚህ ላይ ሌላ ሰው ከፊታችን ይቆማል። ቤቱን ከቀበሌ የተከራየው ሰው ከማንም አልቀማም። እዚያው ልጅ አሳድጓል፣ ድሯል፣ ዕድር ገብቷል፣ ወላጆቹን ቀብሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ ግብሩን የከፈለ ሰው ባለሀብት እንደሚሆን ይደነግጋል። የቀበሌ ተከራይ በዚህ ድንጋጌ ተጠቅሞ ባለቤት ነኝ ሊል ባይችልም፣ ከድንጋጌው በስተጀርባ ያለው አሳብ እርሱንም ይመለከታል፤ ጊዜ በሰው ኑሮ ላይ መብት ይተክላል። ሆኖም ጊዜ ክርክርን ይዘጋል እንጂ ዕዳን አይከፍልም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ችግሩን ግልጽ ያደርገዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1990 ስትዋሐድ በምሥራቁ ክፍል ለተወረሱ ንብረቶች «ከካሳ ይልቅ መመለስ ይቅደም» የሚል መርሕ ያዘች፤ በቅን ልቡና የገዙትን ግን ጠበቀች፣ ከ1945 እስከ 1949 በሶቪየት ይዞታ ዘመን የተወረሰውንም ከመመለስ አገለለች። ሃንጋሪ በበኩሏ በ1991 ባወጣችው ሕግ ንብረቱን ከመመለስ ይልቅ የካሳ ሰነድ ማደልን መረጠች። ሁለቱም ሙሉ ፍትሕ አላገኙም፤ ሁለቱም ግን ባለዕዳው መንግሥት መሆኑን አምነው ጀመሩ።

የዚህ ጽሑፍ አቋምም ይኸው ነው። ባለገንዘቡ ወራሽ ነው፤ ባለዕዳው ግን ተከራዩ ሳይሆን ቤቱን ወስዶ ለብዙ ዓመታት ኪራይ የሰበሰበው መንግሥት ነው። ሁለት ንጹሓን ሰዎችን በአንድ ደጃፍ ላይ ማጋጨት ሦስተኛውን ከተጠያቂነት ያድነዋል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ፒያሳና አካባቢው ሲፈርሱ ይህ ታየ። በውሳኔ የገባው የቀበሌ ተከራይ በውሳኔ ወጣ፤ ለብዙዎቹ ምትክ መኖሪያ ቢሰጥም፣ ጎረቤትንና ዕድርን የሚተካ ግን አልነበረም። የቀድሞው ባለቤት ወራሽም ይመለስልኝ ሊለው የሚችለው ግድግዳ አብሮ ሄደ። በየስደት ማኅበራችን የባለቤቱም የተከራዩም ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱ በሌላው ሊያማርር አይገባውም፤ የሁለቱም ቤተሰብ ሳይሰማ ተወስኖበታልና።

«ድኻ አገር ከየት አምጥታ ትከፍላለች?» የሚል መቃወሚያ እንደሚነሣ እናውቃለን። መልሱ ከባህላችን አይርቅም። ዕዳውን አምኖ፣ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ፣ «ቀን ስጡኝ» የሚል ባለዕዳና ዕዳውን የሚክድ ባለዕዳ በእኛ ዘንድ እኩል አይታዩም። የመጀመሪያው ባይከፍል እንኳ ይታገሡታል። ስለዚህ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ጠያቂው ቀርቦ የሚናገርበት ችሎት፣ የተናገረውም የሚጻፍበት መዝገብ ነው። የካሳው ልክ እንደ አገሪቱ አቅም ኋላ ሊቈረጥ ይችላል፤ መስማት ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ ለነገ የሚቆይበት ምክንያት የለም።