ቅዳሜ እመጣለሁ ያልነው ልጅ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችን ሱረቱል ከህፍን አንብበናል፤ ያላነበብንም ከመግሪብ በፊት ልናነብ ነይተናል። በዚህ ሱራ ውስጥ በየሳምንቱ የምናልፈው አንድ ግድግዳ አለ። ዛሬ እዚያ ግድግዳ ሥር ጥቂት እንቀመጥ።

ነቢዩላህ ሙሳና ኸድር (ዐ.ሰ) ሲጓዙ አንዲት ከተማ ደረሱ። ምግብ ቢጠይቁ የከተማዋ ሰዎች አናስተናግድም አሏቸው። እዚያው ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ፤ ኸድርም አቃኑት። ሙሳ ተገረሙ። ለራበው ሰው ቢያንስ የጉልበት ዋጋ መጠየቅ ሲቻል በነፃ መሥራት ምን ይባላል? በኋላ ግን ነገሩ ተገለጸ። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነበር። ከሥሩ የእነሱ ሀብት ተቀብሯል። አባታቸው ደግ ሰው ነበር፤ አላህም ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን በእጃቸው እንዲያወጡ ፈቀደ።

ልብ በሉ፣ ኸድር ለልጆቹ ሀብት አልሰጡም። ሀብቱ የራሳቸው ነው፤ አስቀድሞ ተቀምጦላቸዋል። እሳቸው ያደረጉት ልጆቹ እስኪያድጉ ድረስ የሚጠብቅላቸውን ግድግዳ ማቃናት ነው። ግማሹን አቃንተውም አልሄዱም።

ይህን የምጽፈው በተለይ ግቢ ተዘግቶ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ደሃና፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ አበርገሌ ለምትመለሱ፣ እንዲሁም እዚያው ሰቆጣ ኮሌጅ ለምትማሩ ነው። ክረምት ሲገባ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጀመራል። ችግኝ ይተከላል፣ ደም ይለገሳል፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል፣ ለታዳጊዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ጠመኔ፣ ሰሌዳና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለእኔ ግን ከሁሉም ከባዱ እሱ ነው። ቤት አድሳችሁ ስትሄዱ ቤቱ መንገድ መንገዱን አያይም። ልጅ ግን ያያል።

ይህን ያወቅሁት ከራሴ ጥፋት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አንድ ክረምት ሰቆጣ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ልጆችን ሂሳብና ንባብ እናስጠና ነበር። አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ቤታቸው የሚነገረው ኽምጣና ነው፤ በአማርኛው ስለሚያፍር ክፍል ውስጥ አፉን አይከፍትም። በሦስተኛው ሳምንት ግን በራሱ ፈቃድ ተነስቶ አንድ የማካፈል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠራ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። ስንለያይ «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ክፍልፋይ እንጀምራለን» አልኩት።

ቅዳሜ አልሄድኩም። አልታመምኩም፣ ለቅሶም አልነበረብኝም። ሻይ ቤት ተቀምጬ ጨዋታ ይዞኝ ነው። በሳምንቱ ግቢ ተጠራን፤ ሳልሰናበተው ሄድኩ። በዓመቱ መንገድ ላይ አገኘሁት። አልተቆጣኝም፣ አልሸሸኝም። ሰላም ብሎኝ ሲያበቃ «ቲቸር፣ ያን ቀን እኮ ደብተሬን ይዤ መጥቼ ነበር» አለኝ። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም።

አቡ ዳዉድ የዘገቡት አንድ ሐዲሥ አለ። ዐብደላህ ኢብን ዓሚር ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው የሆነ ነገር እንደምትሰጣቸው ነግራ ጠራቻቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እቤታቸው ተቀምጠው ነበርና ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር መሆኑን ነገረቻቸው። እሳቸውም ምንም ሳትሰጠው ብትቀር ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት።

ሱብሓነላህ! እናት ልጇን ለመጥራት በተናገረችው፣ ስለ ተምር በተባለ ነገር ይህ ከተባለ፣ እኛ ልጅን አሰልፈን፣ ስሙን መዝግበን፣ ተስፋ ሰጥተን የምንገባው ቃልማ ምን ሊባል ነው? ለትልቅ ሰው ቀጠሮ ብናፈርስ ደውሎ ይወቅሰናል። ልጅ ግን ስልክ የለውም፤ ደብተሩን ይዞ ይመለሳል እንጂ።

የሰቆጣ ስም ራሱ ለልጆች በተገባ ቃል የሚነሳ ነው። በ2007 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማስቀረት ስትነሳ ውጥኑ የተሰየመው በዚህች ከተማ ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። መቀንጨር ምንድን ነው? ልጅ በሚያድግበት ጊዜ ተገቢውን ምግብ ለረጅም ጊዜ ሲያጣ የሚደርስበት ጉዳት ነው። አንድ ቀን ድግስ ስላበላችሁት አይድንም፤ የሚያድነው የየዕለቱ ጉርሻ ነው። የልጅ አእምሮም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ አድለን፣ አብረን ፎቶ ተነስተን ብንሄድ ድግስ አበላን እንጂ አላሳደግንም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ያስተማሩን ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚያስቸኩልበትም ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ወደ 30 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ከ100 ተማሪ 3 ያህሉ ማለት ነው። ይህ የመላ ሀገሪቱ ቁጥር ነው። የዋግ ልጆች ደግሞ በዚያ ላይ ጦርነቱን አይተዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ተፈናቅለው ሰቆጣ የተጠለሉ አሉ፣ ድርቁም ጨምሮባቸዋል። በ12ኛ ክፍል የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው ያን ቀን አይደለም። ክፍልፋይ ሳይገባው አምስተኛ ክፍል የገባ ቀን ግድግዳው ማዘንበል ጀምሯል። ያኔ ጎኑ ተቀምጦ «እስቲ እንደገና እንሞክረው» የሚለው ታላቅ ወንድም ወይም እህት ቢያገኝ ግድግዳው ይቃና ነበር።

ይህ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከበድር ምርኮኞች መካከል ለቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምሩ ተደርጓል። ትናንት በጦር ሜዳ ጠላት የነበረ ሰው እንኳ ለልጅ ፊደል ማስቆጠሩ ነፃነቱን የሚገዛ ሥራ ሆኖ ተቆጥሮለታል። በወሎም እነ ዳናን፣ እነ ጀማ ንጉሥን በመሰሉ የዒልም ማዕከላት ትልቁ ደረሳ ለትንሹ እያስቀራ ነው ዒልሙ እዚህ የደረሰው። ትንሹ ሉሁን ይዞ ሲመጣ ትልቁ የራሱን ኪታብ አጠፍ አድርጎ ያዳምጠዋል። በአስኳላውም ቢሆን በ1957 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው የሚያገለግሉበት ሥርዓት ተጀምሮ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። እነሱ አንድ ዓመት ከቆዩ ለእኛ ስምንት ቅዳሜ አይከብደንም።

እንግዲህ በዚህ ክረምት ለምትነሱ አራት ነገር አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ ቃላችሁን አሳንሱ፤ ያሳነሳችሁትን ግን ሙሉ። በመጀመሪያው ቀን ለልጆቹ «ስምንት ቅዳሜ ነው የምንማረው፣ ከዚያ እኔ ግቢ እገባለሁ» በሏቸው። ኸድርም ከዚያች ከተማ ሄደዋል፤ መሄድ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይናገሩ መጥፋት ነው። መምጣት ካልቻላችሁ አስቀድማችሁ ሰው ላኩ። ስትሄዱም እዚያው ለሚቀር የኮሌጅ ተማሪ ልጆቹን በየስማቸው አስረክቡ። ይህ ማካፈል ይቀረዋል፣ ያቺ ንባብ ጀምራለች ብላችሁ ንገሩት።

ሁለተኛ፣ የማን ልጅ ነው ብላችሁ አትምረጡ። በዋግ እኛ ሙስሊሞች ጥቂት ነን፤ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) እቤታቸው በግ ሲታረድ ቀድመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው ደርሶት እንደሆነ ነበር፤ ምክንያቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ጎረቤት ሲነገራቸው ሰምተዋል። ሥጋ ለጎረቤት የሚደርስ ከሆነ ዕውቀት እንዴት አይደርስም? ሂሳብ ሊማር የመጣን ልጅ ሂሳብ አስተምሩት። ወላጆቹ አምነው ሰጥተዋችኋል፤ አማና ነው። ዲናችሁን በሰዓት አክባሪነታችሁና በአንደበታችሁ ያዩታል።

ሦስተኛ፣ የልጁን ክብር ጠብቁ። አነስ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት አገልግለው አንድ ቀን እንኳ የ«ኡፍ» ቃል ሰምተው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ዱላና ስድብ ይዛችሁ አትግቡ። ስታስተምሩ ሰው በሚያያችሁ ቦታ፣ ወላጅ እያወቀ ይሁን። አማርኛው ለከበደው ልጅ ኽምጣና የምትችሉ በኽምጣና አስረዱት፤ አላህ መልዕክተኞቹን ሁሉ በሕዝቦቻቸው ቋንቋ መላኩን በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል። ቋንቋው የሚታፈርበት ሳይሆን የሚገባው በር መሆኑን ከእናንተ ይማር።

አራተኛ፣ ኒያችሁን መርምሩ። የተቀደደ ጫማ ያደረገ ልጅ ፎቶ እየለጠፍን ላይክ የምንሰበስብ ከሆነ ዋጋችንን እዚሁ ተቀብለናል። ኸድር ያቃኑትን ግድግዳ ልጆቹ ማን እንዳቃናው ማወቃቸው በታሪኩ ውስጥ አልተነገረም። አላህ ግን እስከ ቂያማ በሚነበብ ኪታቡ አስፍሮታል።

ያንን ልጅ መንገድ ላይ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ክፍልፋይስ ገባህ?» ስለው «አዎ፣ ሌላ ቲቸር አሳየኝ» አለኝ። ያንን ሰው አላውቀውም። እኔ የተውኩትን ግድግዳ እሱ አቅንቶታል። አላህ አጅሩን ሙሉ ያድርግለት። ከዚያ ወዲህ «እመጣለሁ» ከማለቴ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ፤ ካልኩ ግን እሄዳለሁ።

እናንተስ፣ ደብተሩን ይዞ የሚጠብቃችሁ ልጅ አለ? ካለ ነገ ቅዳሜ ነው።

አላህ ሆይ! የገባነውን ቃል የምንሞላ አድርገን። ያፈረስነውን ይቅር በለን፣ የምንጠግንበትንም ዕድል ስጠን። የዋግን ልጆች፣ የሀገራችንን ልጆች ሁሉ ከረሃብና ከጦርነት ጠብቃቸው፤ ያስቀመጥክላቸውን ሀብት በእጃቸው እስኪያወጡ ድረስ ግድግዳቸውን አታፍርስባቸው። ሰላምን አውርድልን። አሚን።

በዚህ በተከበረ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ አብዙ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።